የኦዞኑ ስምምነት ሠራ፣ የካርቦኑ ለምን አልሠራም?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ለብዙ ጊዜ ውስጤ ሲመላለስ የከረመ ጥያቄ አለኝ። በ1987 አገሮች ሞንትሪያል ላይ ተሰብስበው የኦዞን ንጣፍን የሚበሉ ጋዞችን ለማቆም ተስማሙ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በፍሪጅ፣ በኤሲና በስፕሬይ ውስጥ የነበሩት ጋዞች ማለት ነው። ዛሬ ከእነዚያ ጋዞች 99 በመቶ ያህሉ ጥቅም ላይ መዋላቸው ቆሟል። ንጣፉም እያገገመ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ያሰባሰባቸው ሳይንቲስቶች በ2023 እንደገመቱት፣ ሥራው በዚሁ ከቀጠለ ከአንታርክቲካ በላይ ያለው ቀዳዳ በ2066 ገደማ በ1980 ወደነበረበት ይመለሳል።

የአየር ንብረቱ ስምምነት ደግሞ በ1992 ሪዮ ላይ ተፈረመ። በ1997 ኪዮቶ ተከተለ፣ በ2015 ፓሪስ። ውጤቱስ? ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1990 ወዲህ ከ60 በመቶ በላይ ጨምሯል። አሁን በዓመት 37 ቢሊዮን ቶን ገደማ ደርሷል። 2024 ደግሞ ምድር ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበራት አማካይ ሙቀት ከ1.5 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሞቀችበት የመጀመሪያው ዓመት ሆኖ ተመዘገበ።

የእኔ አቋም ይሄ ነው። በፓሪስ ስምምነት እያንዳንዱ አገር በአቅሜ ይሄን እቀንሳለሁ ብሎ ቃል ይገባል። ቃሉን ቢያጥፍ የሚቀጣው የለም። ሞንትሪያል ግን ጥርስ ነበረው። ጥርስ የሌለው ስምምነት ልቀት አይቀንስም። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ፤ ከልቤ ነው የምጠይቀው።

(መልሶቹ ስለበዙ፣ ዘግይታችሁ ለገባችሁ ሰዎች ከዚህ በታች ማን ምን እንዳለ በየተራ ጽፌዋለሁ። ቃላቸውን አልገለበጥኩም፤ እኔ በገባኝ መንገድ ነው የጻፍኩት።)

መልስ 1 በጣም ጨዋ ነበር። ጸሐፊው ስለ ጥያቄው አመስግኖ በዋናው ነገር ተስማማ። ግን አንድ ነገር ጨመረ። ኪዮቶ ላይ ጥርስ ለማብቀል ተሞክሮ ነበር። የበለጸጉት አገሮች ከ2008 እስከ 2012 ባለው ጊዜ ልቀታቸውን በአማካይ ከ1990ው በ5 በመቶ ለማውረድ በሕግ ተገደዱ። ከዚያስ? አሜሪካ ፈርማ አላጸደቀችውም። ካናዳ ደግሞ ግዴታዋን እንደማትወጣ ስታውቅ በ2011 ጥላ ወጣች። ስለዚህ በጸሐፊው አስተያየት ጥርሱ ብቻውን አይበቃም፤ የሚነከሰው ሰው በሩን ከፍቶ መውጣት ከቻለ ማንን ይነክሳል? ይሄን ሳነብ የመጀመሪያው አቋሜ ትንሽ ተነቃነቀ።

መልስ 2 የጻፈችው ኬሚስትሪ የምታውቅ ሴት ነች። በትህትና፣ ግን ጠበቅ አድርጋ አረመችኝ። የኦዞኑን ጋዞች የሚያመርቱት ጥቂት ኩባንያዎች ነበሩ። ምትክ ጋዝም ማግኘት ይቻል ነበር። ካርቦን ግን የሌለበት ቦታ የለም። መብራቱ፣ መኪናው፣ ብረቱ፣ ማዳበሪያው፣ ሁሉም ውስጥ አለ። በተለይ ሲሚንቶን በምሳሌ አነሳች። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ በከፍተኛ ሙቀት ተቃጥሎ ነው። ምድጃው በፀሐይ ኃይል ቢሠራ እንኳ ድንጋዩ ራሱ ሲፈርስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት 7 ወይም 8 በመቶ ያህሉ ከዚህ ዘርፍ ነው የሚመጣው። ይሄን በአንድ አዋጅ መከልከል አይቻልም፤ ቤት መሥራት ይቅር ማለት ይሆናል። እውነቷን ነው። ሁለቱን ስምምነቶች አንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጤ ትክክል አልነበረም።

መልስ 3 ለእኔ የዚህ ውይይት ክር ልብ ነው፤ ብዙዎች ግን ዘለው ያለፉት ይመስለኛል። ጥርስ የምትለው ነገር ምን እንደነበር ታውቃለህ ወይ ብሎ ጀመረና ዘረዘረው። ሞንትሪያል አባል ካልሆኑ አገሮች ጋር በእነዚያ ጋዞች መነገድን ይከለክል ነበር። ውጭ መቅረት ከገበያ መውጣት ማለት ነው። ይሄ አንዱ ወገን ብቻ ነው። በሌላው ወገን ታዳጊ አገሮች 10 ዓመት የእፎይታ ጊዜ ተሰጣቸው። በ1990 ደግሞ ለንደን ላይ ልዩ ፈንድ ተቋቋመ። ፋብሪካዎች ወደ አዲሱ ጋዝ ሲቀየሩ የሚመጣውን ተጨማሪ ወጪ ከዚያ ፈንድ ሀብታሞቹ አገሮች ይሸፍናሉ። ማለትም ቅጣቱ ከድጋፉ ጋር አብሮ መጣ።

ቀጥሎ ከአየር ንብረቱ ገንዘብ ጋር አነጻጸረው። በ2009 ኮፐንሃገን ላይ ሀብታሞቹ አገሮች እስከ 2020 ድረስ በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር ለማድረስ ቃል ገቡ። የበለጸጉ አገሮች ማኅበር የሆነው ኦኢሲዲ እንደቆጠረው መጠኑ የተሟላው በ2022 ነው። ሁለት ዓመት ዘግይቶ፣ አብዛኛውም በብድር መልክ። በ2024 ባኩ ላይ አዲሱ ግብ እስከ 2035 በዓመት 300 ቢሊዮን ሆነ። ጸሐፊው ያላለውን እኔ ልበል፤ የሞንትሪያሉ ፈንድ የታወቀ ፋብሪካ የታወቀ ወጪ ነው የሚከፍለው። የአየር ንብረቱ ገንዘብ ግን የትኛው ብር ለየትኛው ሥራ እንደሆነ ሳይለይ በጅምላ ይጠራል። ለዚህ ነው ቆጠራው ራሱ ሁሌ ጭቅጭቅ የሚሆነው።

መልስ 4 ሁሉም ፖለቲካ ነው፣ ምንም አይለወጥም የሚል አንድ መስመር ነበር። አልፌዋለሁ።

መልስ 5 ላይ ክሩ ባልጠበቅኩት መንገድ ታጠፈ። ጸሐፊው ፍሪጅና ኤሲ ጠጋኝ ነው። ስለ ስምምነቶች ብዙ እንደማያውቅ፣ ስለ ጋዙ ግን እንደሚያውቅ ጽፎ ገጠመኙን ተረከ። ሥራ የጀመረ ሰሞን የሚያስተምረው ባለሙያ አንድ አሮጌ ኤሲ ለመክፈት ቱቦውን ቆርጦ ጋዙን ዝም ብሎ ወደ አየር ለቀቀው። ፉጨት የመሰለ ድምፅ ለጥቂት ደቂቃ ተሰማና ቆመ። ምንም ሽታ የለው፣ ምንም ጭስ የለው። ጋዙን ስቦ ወደ ሲሊንደር የሚመልስ ማሽን እዚያው መኪናው ውስጥ ነበር። ለምን እንዳልተጠቀመበት ሲጠይቀው፣ ማሽኑ አንድ ሰዓት ያህል እንደሚወስድ፣ ለዚያ ሰዓት ደግሞ ደንበኛው እንደማይከፍል ነገረው። ዛሬ እሱ ራሱ ሌሎችን ያስተምራል። ማሽኑን ይጠቀማል። ግን የሥራ ጓደኞቹ አብዛኞቹ አይጠቀሙም፤ እሱም አይፈርድባቸውም።

ይሄን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ቢሊዮን ቶን ስናወራ ቆይተን ድንገት አንድ ሰው ቱቦ ሲቆርጥ ታየኝ።

መልስ 6 እና 7 ጥያቄዎች ነበሩ፤ ጋዙ ምን ያህል ይጎዳል፣ ኦዞኑንስ ይበላል ወይ የሚሉ። መልስ 8 ላይ የኬሚስትሪዋ ሴት ተመልሳ መጣች። አዲሶቹ ጋዞች ኤችኤፍሲ ይባላሉ። ኦዞንን አይነኩም፤ የተመረጡትም ለዚያ ነው። ግን ሙቀት በማመቅ ረገድ ኃይለኞች ናቸው። በብዙ ፍሪጅና መኪና ውስጥ ያለው አር 134ኤ፣ ኪሎ ለኪሎ ሲመዘን በ100 ዓመት ውስጥ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 እጥፍ በላይ ያሞቃል። አንድ ችግር ሲፈታ ሌላው የተወለደው እንዲህ ነው። በ2016 በሞንትሪያል ስምምነት ላይ የኪጋሊ ማሻሻያ የመጣው ይሄን ለማረም ነው። ማሻሻያው በሙሉ ከተፈጸመ እስከ ክፍለ ዘመኑ መጨረሻ እስከ 0.5 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ያስቀራል። ነገሩ ለምን እንደሚያስቸኩልም አስረዳች። ዓለም አቀፉ የኃይል ኤጀንሲ በ2018 ሲቆጥር በዓለም ላይ 1.6 ቢሊዮን ኤሲ ነበር፤ በ2050 ወደ 5.6 ቢሊዮን እንደሚደርስ ገምቷል። ምድር በሞቀች ቁጥር ኤሲ ይበዛል። እያንዳንዱ ኤሲ ደግሞ አንድ ቀን ቱቦውን የሚቆርጥ ሰው እጅ ይገባል።

እስከዚህ ድረስ ውይይቱ ሰላማዊ ነበር።

መልስ 9 ላይ ነገሩ ከረረ። ጸሐፊው ስለ ፍሪጅ ማውራታችን እንዳናደደው አልደበቀም። ከዓለም ዓመታዊ ልቀት ወደ 30 በመቶ የሚጠጋው ከቻይና እየወጣ ስለ አንድ ጠጋኝ ሲሊንደር መጨነቅ በእሱ ዓይን ጊዜ ማባከን ነው። መልስ 10 በዚያው ቁጣ መለሰለት። አየሩ ውስጥ ያለው የዘንድሮ ልቀት ብቻ አይደለም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለመቶዎች ዓመታት ይቆያል። ከኢንዱስትሪ አብዮት ወዲህ ከተለቀቀው ሩብ ያህሉ የአሜሪካ ነው። በነፍስ ወከፍ ሲታይ ደግሞ አንድ አሜሪካዊ ከአንድ ቻይናዊ፣ አንድ ቻይናዊም ከአንድ ሕንዳዊ በብዙ ይበልጣል። መላው አፍሪካ ተደምሮ ከዓመታዊው ልቀት 4 በመቶ እንኳ አይሞላም። መልስ 11 ስድብ ስለነበረበት አልደግመውም።

መልስ 12 ሁለቱን ለማስታረቅ ሞከረች። ያለፈው ልቀት ማን መክፈል እንዳለበት ያሳያል፤ የዛሬው ልቀት ደግሞ የት መቀነስ እንዳለበት። ሁለቱ ቁጥሮች የሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መልስ ናቸው። ሰዎች የሚጣሉት በአንዱ ቁጥር ሁለቱንም ጥያቄ ለመመለስ ስለሚሞክሩ ነው። እኔ እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ከእሷ ጋር ነኝ። የ1992ቱ ስምምነት ራሱ ኃላፊነቱ የጋራ ነው፣ ግን እኩል አይደለም በሚል መርህ ላይ የቆመ ነው። 9ኛው ጸሐፊ ግን አልተዋጠለትም።

መልስ 13 ወደ ጥርሱ መለሰን። የንግድ ክልከላው ለሞንትሪያል ከሠራ ለካርቦንም ሊሠራ እንደሚችል፣ እንዲያውም እንደተጀመረ አስታወሰ። የአውሮፓ ኅብረት ብረት፣ ሲሚንቶ፣ አልሙኒየም፣ ማዳበሪያና የመሳሰሉት ወደ ገበያው ሲገቡ፣ ሲመረቱ ለወጣው ካርቦን የድንበር ክፍያ ሊጠይቅ ወስኗል። ሪፖርት ማቅረቡ በጥቅምት 2023 ተጀመረ፤ ክፍያውን ያካተተው ሙሉ ሥርዓት ደግሞ ከጥር 2026 ጀምሮ ነው። መልስ 14 ይሄን ክፉኛ ተቃወመ። ትላንት በከሰል የበለጸገ አገር ዛሬ በሩ ላይ ቆሞ ድሃውን ካርቦንህን ክፈል ማለቱ ፍርደ ገምድልነት ነው አለ። ገንዘቡ ደግሞ ላኪው አገር ፋብሪካውን እንዲቀይርበት አይሄድለትም፤ እዚያው አውሮፓ ይቀራል። መልስ 3ን ጠቅሶ፣ ከሞንትሪያል ጥርሱን ብቻ ወስደው ፈንዱን እንደተዉት ጻፈ። በዚህ ክር ውስጥ እጅግ ያሳሰበኝ ነጥብ ይሄ ነው። የድንበር ክፍያውን በመርህ እደግፋለሁ። ግን ገቢው ለላኪዎቹ አገሮች ፋብሪካ መቀየሪያ የማይመለስ ከሆነ 14ኛው ጸሐፊ ልክ ነው፤ መልስ የለኝም።

መልስ 15 ስለ ካርቦን ግብር ረዥም ታሪክ ጻፈ። አሳጥሬ ላቅርበው። ስዊድን በ1991 ጀመረች፣ እስከ ዛሬ ቀጥላለች። አውስትራሊያ በ2012 ጀምራ በ2014 ሰረዘችው። ፈረንሳይ በ2018 የነዳጅ ግብር ልትጨምር ስትል ቢጫ ሰደሪያ የለበሱ ሰዎች አደባባይ ወጡና ጭማሪው ቀረ። ካናዳ ከሕዝቡ የሰበሰበችውን አብዛኛውን መልሳ ለቤተሰቦች ታከፋፍል ነበር፤ ያም ሆኖ የሸማቹን ክፍያ በሚያዝያ 2025 አቆመች። ግብሩን ሰው በየቀኑ ያየዋል፣ የሚመለስለትን ግን አያየውም የሚለው የጸሐፊው ድምዳሜ ነው። ልቀት ለመቀነስ ጎበዝ የሆነ ፖሊሲ ምርጫ ላይ ከወደቀ ምንም አልቀነሰም ማለት ነው።

መልስ 16 ተስፋ ይዞ መጣ፤ ደስ አለኝ። ሁላችሁም ስለ ቅጣት ታወራላችሁ፣ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን ርካሽነት ነው ባይ ነው። ጀርመን በ2000 ባወጣችው ሕግ ለፀሐይ ኃይል ዋስትና ያለው ዋጋ መክፈል ጀመረች። ያኔ በጣም ውድ ነበር፤ የጀርመን መብራት ተጠቃሚዎች ከኪሳቸው ከፈሉት። ገበያ ሲገኝ የቻይና ፋብሪካዎች በብዛት አመረቱ። ከ2010 በኋላ በነበሩት አሥር ዓመታት የሶላር ፓነል ዋጋ 90 በመቶ ያህል ወረደ። ይሄን ያደረገው የትኛውም ዓለም አቀፍ ስምምነት አይደለም። ብሪታኒያንም ጠቀሰ፤ በ1882 ለንደን ውስጥ በከሰል የሚሠራ የሕዝብ መብራት ማመንጫ የጀመረች አገር በመስከረም 2024 የመጨረሻውን የከሰል ማመንጫዋን ዘጋች። አንድ ነገር ግን አልጠቀሰም። ዋጋ ሲወርድ አዲሱ ይጨመራል እንጂ አሮጌው በራሱ አይዘጋም። ብሪታኒያ ከሰሉን የዘጋችው ካርቦን ላይ ተጨማሪ ዋጋ ጭና፣ የመዝጊያ ቀንም ቆርጣ ነው።

መልስ 17 እና 18 ወደ ኒውክሌር ወሰዱን። ጀርመን በሚያዝያ 2023 የመጨረሻዎቹን የኒውክሌር ማመንጫዎቿን ከከሰሉ በፊት መዝጋቷ ልክ ነው ወይስ ስህተት? አንዱ ስህተት አለ፣ ሌላው ስለ ቆሻሻው ጠየቀ። ይሄ ራሱን የቻለ ክር ያስፈልገዋል፤ እዚህ አልገባበትም።

መልስ 19 የሞንትሪያልን ሌላ ምሥጢር ነገረን። ከጥርስ በፊት ዓይን ያስፈልጋል። በ2018 ሳይንቲስቶች ሲኤፍሲ 11 የተባለው የተከለከለ ጋዝ በሚጠበቀው ፍጥነት እየቀነሰ እንዳልሆነ ደረሱበት። አየሩን እየለኩ ምንጩን ተከታተሉና ከጨመረው ልቀት ትልቅ ድርሻ ያለው ከምሥራቅ ቻይና እንደሚመጣ አገኙ። ጉዳዩ ይፋ ከወጣ በኋላ ልቀቱ በፍጥነት ወረደ። ሚቴን ላይም ይሄው መደረግ አለበት ብሎ አጥብቆ ጻፈ። ሚቴን አየር ላይ 12 ዓመት ገደማ ብቻ ይቆያል፤ ግን በ20 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ ያሞቃል። ዛሬ ቢቆም ጥቅሙ በእኛ ዕድሜ ይታያል። በ2021 ግላስጎው ላይ እስከ 2030 በ30 በመቶ ለመቀነስ ቃል ተገብቷል። ከነዳጅ ጉድጓዶችና ከቱቦዎች የሚያፈተልከውን አሁን ሳተላይት ያየዋል። እና ማን እንደለቀቀ እየታየ ዝም የሚባለው ለምንድን ነው? ሳይቃጠል በቅጠል ብሎ ጨረሰ።

መልስ 20 የራሴ ነው። ጠጋኙን አልረሳሁትም። ጋዙን ሰብስቦ ለሚያስረክብ ሰው በኪሎ ቢከፈለውስ የሚል ሐሳብ አቀረብኩ።

መልስ 21 ሐሳቤን በአንድ ታሪክ አፈረሰው። በኪዮቶ ሥርዓት ውስጥ ኤችኤፍሲ 23 የተባለ ጋዝ ለሚያቃጥሉ ፋብሪካዎች የካርቦን ክሬዲት፣ ማለትም ልቀት ቀንሰሃል የሚል የሚሸጥ ማረጋገጫ፣ ይሰጥ ነበር። ጋዙ አር 22 የተባለው የኤሲ ጋዝ ሲመረት አብሮ የሚወጣ ተረፈ ምርት ነው፤ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ10,000 እጥፍ በላይ ያሞቃል። ማቃጠሉ ርካሽ፣ ክሬዲቱ ውድ ሆነ። አንዳንድ ፋብሪካዎች ክሬዲቱን ለማግኘት ሲሉ ምርቱን ከፍ እንዳደረጉ ታየ። የአውሮፓ ኅብረት ከ2013 ጀምሮ እነዚያን ክሬዲቶች አልቀበልም አለ። ቆሻሻ ለሚያጠፋ ብዙ ከከፈልክ ቆሻሻ የሚያመርት ታገኛለህ ነው ነገሩ። ትምህርቱን በደንብ ቀስሜያለሁ።

መልስ 22 መውጫ መንገድ አሳየን። ኖርዌይ በ2003 ኤችኤፍሲ ወደ አገሯ ሲገባ ግብር ጣለች፤ በ2004 ደግሞ ያገለገለውን ጋዝ ለጥፋት ለሚያስረክብ ገንዘብ መመለስ ጀመረች። ገንዘቡ መጀመሪያ ጋዙ ሲገባ የተከፈለ ስለሆነ፣ ለክፍያ ሲባል ጋዝ ማምረት አያዋጣም። የ21ኛው ጸሐፊ ወጥመድ የለበትም። መልስ 9 የጻፈው ሰው እንኳ ይሄ ውሃ እንደሚያነሳ አምኖ አንድ ቃል ጣል አደረገ።

መልስ 23 ላይ ጠጋኙ ተመለሰ። ሁሉንም እንዳነበበ፣ ስለ ገንዘቡ የተባለውም ጥሩ እንደሆነ ጻፈ። የእሱ ችግር ግን ሌላ ነው። ሲሊንደር ሲሞላ የሚረከበው የለም። ጋዝ የሚሸጡለት ሱቆች አዲስ እንጂ ያገለገለ አይቀበሉም። የጠየቃቸው መሥሪያ ቤቶችም አንዱ ወደ ሌላው መሩት። አሁን የሥራ ቦታው ጥግ ላይ ሁለት ሙሉ ሲሊንደሮች ተቀምጠዋል። ሦስተኛው ሊሞላ ነው። ከዚያ በኋላ ማሽኑን ቢያበራም የሚያስገባበት ዕቃ አይኖረውም። የት መውሰድ እንደሚቻል የሚያውቅ ሰው ካለ እንዲነግረው ጠይቋል።

ይሄ ከተጻፈ ሦስት ቀን ሆነው። ከዚያ በኋላ የገቡት መልሶች በሙሉ ስለ ኒውክሌር ናቸው። በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ወይም ያለ ሰው የምታውቁ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ለእሱ መልሱለት።